ጠብሶ የሚበላው ዝንጀሮ

የበቆሎው ሽታ አራተኛ ፎቅ ድረስ በነፃ ይወጣል፤ እኔ ነኝ ወደ እሱ መውረድ ያቃተኝ። ማዓሊቱ፣ ያ ሽቅብ ቁልቁል የሚያመላልሰን ሳጥን፣ ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው፤ ጠጋኙ በተደወለለት ቁጥር «ማሐር» ይላል፣ በዕብራይስጥ ነገ ማለቱ ነው፤ እንደሱ ብዙ ነገ ያለው ሰው አላየሁም። መዝጋኑ፣ ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አየር ማቀዝቀዣ፣ ደግሞ ቤቱን ከማቀዝቀዝ ይልቅ ማጓራት ይወዳል። ስለዚህ በካናቴራ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሁለት ጎልማሶች ለአንዲት መኪና ማቆሚያ ሲሰዳደቡ እያየሁ ለሁለቱም በየተራ እፈርዳለሁ፣ የሚሰማኝ የለም እንጂ። ከመንገዱ ዳር ያለው ሻጭ የድስቱን ክዳን ሲያነሣ ግን የተቀቀለው በቆሎ እንፋሎት ይመጣና ከነጉልበት ሕመሜ ጎንደር ያደርሰኛል።

ይኸ እዚህ የሚጠብሰን ሐምሌና ነሐሴ እዚያ የብርድና የጭቃ ወር ነበር። በቆሎው ሲያሽት እኔና ታላቅ እህቴ እትዬ ጠጂቱ ገሳ ለብሰን፣ ማማ ላይ ተሰቅለን፣ የአባታችንን ማሳ ከዝንጀሮ እንጠብቃለን። እንጠብቃለን ማለቴ ለአፌ ያህል ነው። እሷ ወንጭፏን ስታስጮኽ ዝንጀሮው ገደሉን ይዞ ይወርዳል፤ እኔ ከማማው ሥር እሳት አንድጄ እሸቱን እጠብሳለሁ፣ ቆረቆንዳውን ወደ ጫካው አፋፍ እወረውራለሁ፣ ማታም የዝንጀሮውን ግፍ እያለቃቀስኩ ለአባቴ እናገራለሁ። አንድ ቀን አባቴ የጠቆረ ቆረቆንዳ በእጁ ይዞ መጣ። አልተቆጣም፤ «ጠብሶ የሚበላ ዝንጀሮ በዕድሜዬ አይቼ አላውቅምና እስቲ አሳዩኝ» ብቻ አለ። እኔ እግር እግሬን ሳይ እህቴ «እኔ ነኝ» አለች። አለንጋው እሷ ላይ አረፈ፤ እኔ ገሳዬ ውስጥ ተሸጉጬ ጆሮዬን ደፈንኩ።

እዚህ አገር መጥተን ስናረጅ አንድ ሕንፃ ላይ ገጠምን፤ እሷ ምድር ቤት፣ እኔ አራተኛ። ማዓሊቱ እስኪበላሽ ድረስ ከሰዓት በኋላ በእሱ እየወጣች በረንዳዬ ላይ የባሕሩን ነፋስ እንጠብቅ ነበር። የልጅ ልጆቼ ሲመጡ ያን ታሪክ እነግራቸው ነበር፤ በእኔ አነጋገር እርግጥ በቆሎውን የበላችው እሷ፣ አለንጋውን የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በልጆቹ ፊት አታሳፍረኝም ነበር፤ ሲሄዱ ብቻ «ቀጣፊ» ትለኛለች፣ እኔም እስቅ ነበር። ይቅር በይኝ ለማለት ነገም ቀን ነው እያልኩ ኖርኩ፤ ጠጋኙን የማማው በምን አፌ ነው?

ባለፈው ሳምንት ልጇ ክፋር ዮና በሚባል ከተማ ወደ ገዛችው ቤት ልትወስዳት መጣች። ክፋር ዮና ቅርብ ነው ይሉኛል፤ ቅርብነቱ ጉልበት ላለው ነው። ወርጄ፣ እግሯን ስሜ፣ ያቺን አንዲት ቃል ልናገር ብዬ የደረጃውን መደገፊያ ይዤ ተነሣሁ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቴ እምቢ አለና ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ከታች የከዘራዋ ኳኳታ ይሰማኛል።

«እትዬ» አልኩ ወደ ታች፣ «የዚያን ቀን አለንጋ ይቅር በይኝ።»

ኳኳታው ቆመ። ውጭ የልጇ መኪና መንገድ ዘግቶ ኖሮ ከኋላ ያሉት ጥሩምባቸውን ያንባርቁታል።

«አሁን ነው የምትለኝ?» አለች። «ፊትህን እንኳ በማላይበት?» ከዘራዋም እንደገና ኳኳ፤ «ግባ በል፣ ትወድቃለህ።»

ከዚያ በሩ ተዘጋ። የደረጃው መብራት ራሱን እስኪያጠፋ እዚያው ተቀመጥኩ፤ ወደ ላይም ወደ ታችም የማልሆን ሰው። ከዚያ ወዲህ በደወልኩ ቁጥር ልጇ ታነሣና ተኝታለች ትለኛለች።

ትናንት የልጅ ልጆቼ ደረጃውን እየዘለሉ መጥተው ያን ታሪክ ንገረን አሉኝ። በቆሎውን ማን እንደበላ፣ አለንጋው በማን ጀርባ ላይ እንዳረፈ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን እንደሆነው ነገርኳቸው። በሳቅ ፈረሱ። «ሳባ» አለች ትንሿ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ «ይኸኛው ውሸት ነው።»

«እውነቱን ነው» የምትልልኝ አንዲት ሰው ነበረችኝ።