ወደ ገዳሪፍ በዘመድ ቤት በኩል

አማቴ እማማ ሸምሲያ ዕድሜያቸውን ባሕር ዳር ገበያ ጨውና በርበሬ ሲሸጡ የኖሩ ሴት ናቸው። ሩቅ አገር ለመሄድ የተነሱት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አብሬያቸው የተንከራተትኩት ደግሞ እኔ ሙኒራ፣ የልጃቸው ሚስት ነኝ።

ሴት ልጃቸው መዲና ባሏን ተከትላ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገብታ ነበር። በ1968 በጋ ላይ «መውለጃዬ ደርሷል፤ የእናቴ አገር ዓሣ አምሮኛል» የሚል መልእክት በሰሊጥ ነጋዴዎች ላከች። በእኛ ቤት የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው እናት ዘንድ ነው። ልጅቱ መምጣት ካልቻለች እናት ትሄዳለች። ካልሄደች ልጅቱ በሰው አገር እናት እንደሌላት ትቆጠራለች። እማማን እንቅልፍ የነሳቸው ይኸው ነበር።

በርበሬ እየቀነጠሱ ያቅዳሉ። እስከ ጎንደር በአውቶቡስ፣ ከጎንደር እስከ መተማ በተገኘው መኪና፣ ድንበሩን በእግር፣ ከዚያ በሱዳኖች አውቶቡስ በሰሊጥ እርሻው መሃል ለመሃል እስከ ገዳሪፍ። ስንቃችን በሶና ዳቦ ቆሎ። ለመዲና ደግሞ ከቁንዝላ ያስመጡት አንድ ከረጢት የደረቀ ዓሣ።

«ማደሪያስ?» አልኳቸው።

«አልጋ የሚከራይ ዘመድ የሌለው ነው። ሐሙሲት የባሌ ወንድም ሙሀመድአወል አለ። ወረታ ወንድሜ ሙሔ አለ። ጎንደር አብሮ አደጌ መሪየም አለች።»

«እማማ፣ ሐሙሲት እኮ ከደጃፋችን ነው! እዚያ ምን ያሳድረናል?»

«አውቶቡሱ ለሻይ ሲቆም ቢያየኝስ? ምን ብዬ አልፈዋለሁ? አንዳንድ ሌሊት ነው ልጄ፤ ጎህ ሲቀድ እንነሳለን።»

ማን አንድ ሌሊት አሳድሮ ሊለቅ! የእንግዳ ሐቁ ሦስት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የተነሳ እንግዳ ቤቱን ሰድቦ እንደሄደ ይቆጠራል። ይህን እማማ ከእኔ አብልጠው ያውቁታል። ሰው ግን ልቡ ሲቸኩል የሚያውቀውንም ይረሳል።

የይለፍ ወረቀት ለማውጣት ቀበሌ ተመላለስን። አንድ ቀን ሊቀ መንበሩ የለም፣ አንድ ቀን ማኅተሙ የለም፣ አንድ ቀን ደግሞ ሁለቱም ስብሰባ ናቸው። በመጨረሻ እስከ መተማ ለአሥር ቀን የሚያገለግል ወረቀት ተጻፈልን። «መተማ ከደረስሁ ድንበሩን የሚያሻግረኝ አላጣም» አሉ እማማ።

ሐሙሲት ላይ ሙሀመድአወል በመስኮት አያቸው። እጃቸውን ይዞ አወረዳቸው፤ ጓዛችንንም ራሱ ከአውቶቡሱ ጣራ አስወረደ። እንሂድ ባልን ቁጥር «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» እያለ ሦስት ቀን አስቀመጠን። ባዶ እጅ መግባት ነውር ስለሆነ ከመዲና ዓሣ ላይ ተነሳለት።

ወረታ ደግሞ ሙሔ በግ አረደ። በግ ላረደልህ ሰው ነገ እሄዳለሁ አይባልም። ቀጥሎ ጁምዓ መጣ፣ ጁምዓ ሳይሰገድ አይኬድም ተባለ። ከዓሣውም ተነሳ። ማታ እማማ ከጎኔ ተጋድመው «ጧት እነግረዋለሁ» ይላሉ፤ ጧት ሙሔ «እንዴት አደርሽልኝ እህቴ?» ሲላቸው አፋቸው ይያዛል። እኔ መብላት ሰለቸኝ፣ መመረቅ ሰለቸኝ። መቀመጥ ከመንገድ ይልቅ እንደሚያደክም ያወቅሁት ያኔ ነው። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ሰው ቢሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

ጎንደር መሪየምም ሐቋን ወሰደች። በመጨረሻ የመተማ መኪና ተሳፈርንና ከተማው መውጫ ኬላ ላይ ጠባቂው ወረቀታችንን አገላብጦ አየ።

«እናቴ፣ ቀኑ አልፏል።»

«ትናንት እኮ ነው ያለፈ፣ የኔ ልጅ። ልጄ ልትወልድብኝ ነው።»

«ትናንትም ያለፈ ያለፈ ነው። ይውረዱ።»

እማማ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ከረጢቱን ፈቱት። የቀረው ፍርፋሪ ነበር። እዚያው ቁጭ ብለው አለቀሱ፤ እኔም ልገሥጻቸው ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ጠፋኝ።

ባሕር ዳር ተመለስን፤ ቀበሌም አዲስ ወረቀት ከለከሉን። መዲና ወንድ ልጅ ወለደች፤ ያረሷት የሱዳን ጎረቤቶቿ መሆናቸውን ሰማን። በዓመቱ በዚያ በኩል ጦርነት ሆነና መንገዱ ተዘጋ። እማማ ግን በጋ በመጣ ቁጥር በርበሬ እየቀነጠሱ ያቅዳሉ፦ ሐሙሲት፣ ወረታ፣ ጎንደር። ዓይናቸው እስኪጠፋ ድረስ አቀዱ።

ደርግ በወደቀበት ክረምት መዲና ከእሷ የሚረዝም ጎረምሳ ይዛ ደጃፋችን ላይ ቆመች። እማማ ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱ፣ የልጁንም ዳሰሱ፣ ሲያለቅሱ ቆዩ። ከዚያ መጀመሪያ የጠየቁት ይህንን ነው፦

«ሙሔን አየሽው? ደኅና ነው?»

«አላየሁትም እማ» አለች መዲና። «ወረታ ላይ ጎንበስ ብዬ አለፍሁ። ሐሙሲትም ሻሼን ፊቴ ላይ ጣልሁ። ካዩኝ መቼ ይለቁኛል? ሳላይሽ ትሞችብኛለሽ ብዬ ፈራሁ።»

የእማማ እጅ ልጃቸው ጉንጭ ላይ ቀረ።

«ተሸፍኖ ማለፍ ይቻል ኖሯል?» አሉ።