የጅማ ወኪላችን

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ላለው ሬዲዮ ከጅማ የስፖርት ዜና በስልክ አቀብል ነበር። ስሜ ግን አንድም ቀን ተጠርቶ አያውቅም። ዜና አንባቢው «የጅማ ወኪላችን እንደዘገበው» ይልና ያልፋል፤ ወኪሉ እኔ ልሁን ሌላ፣ ማን ያውቃል? ሰቶ ሰመሮ ሰፈር ልብስ እየሰፋ ያሳደገን አባቴ እንኳ አያምነኝም ነበር።

«ስም የሌለው ሥራ ምን ሥራ ነው?» ይለኛል። «ሰው ሲጠራ እኮ ከነአባቱ ነው።»

እስቅለታለሁ እንጂ ነገሩ ውስጥ ውስጡን ይበላኝ ነበር።

አባቴ በሳንባ ሕመም አልጋ በያዘበት ሰሞን ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ቡድን ሊመረጥ አዲስ አበባ ልምምድ ላይ ነበር። መድኃኒት ስንሰጠውም ሾርባ ስናቀርብለትም የአባቴ ጥያቄ አንድ ነው፤ «ልጁ ተመረጠ?»

አንድ ዓርብ ጠዋት ከአሰልጣኞቹ አንዱ ቢሮ ደወለልኝ። «ወንድምህ ገብቷል። መግለጫው ሰኞ ነው፤ እስከዚያ አፍህን ዝጋ።»

የምን መዝጋት! እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«አባባ፣ ተመርጧል!»

«ሬዲዮን ብሏል?»

«ሰኞ ይላል።»

«እንግዲያው እኔን ልታጽናና ነው» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ሰኞን አላህ ያውቃል።»

ሐኪሙም ሰኞን ቃል አልገባልንም። ይፋ ያልሆነ ዜና ቀድሞ ያወጣን ሰው ደግሞ የዚያን ዘመን ሹም ስብሰባ ፊት አቁሞ ግለ ሂስ ያስደርገዋል። ያስደርገኝ ብዬ ቴሌ ሄድኩና መስመር አስይዤ ዜናውን ለአዲስ አበባው ተረኛ አነበብኩለት።

«ይፋ ሆኗል እንዴ?» አለኝ።

«እናንተ ስታነቡት ይሆናል» አልኩት። ሳቀና ጻፈው።

የቀትሩ ስፖርት ሲጀምር ሬዲዮኑን ወደ አባቴ ትራስ አስጠጋሁት። «የጅማ ወኪላችን እንደዘገበው...» የወንድሜ ስም ተጠራ፤ ተከትሎም የአባቴ። የገዛ ስሙን ሲሰማ በክርኑ ተደግፎ ቀና አለና «ገለቶማ» ብሎ ሬዲዮኑን በኦሮምኛ አመሰገነው። ከዚያ አለቀሰ፤ እኔም አላስቻለኝም።

አባቴ ሰኞን አላየም። እኔንም ሐዘን ላይ ስለነበርኩ ለሂስ የጠራኝ የለም።

ዜናው በተነገረበት ዓርብ ግን፣ ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ሊጠይቁት ገብተው ነበር።

«ልጅዎን በሬዲዮን ጠሩት አሉ?»

አባቴ እጄን ፈልጎ ያዘ።

«ሁለቱንም ነው የጠሯቸው» አላቸው።