ስማቸው ብቻ የቀረ ፊደላት

አፓኩኪ ሥራውን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር፤ ጉዱም የመጣው ከዚያው ነው። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ፣ በደሴቶቹ አገር ዋና ከተማ በሱቫ፣ ገበያው ጀርባ ያለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ኮምፒውተሮቿን በኔትወርክ እንዲያገናኝላት ቀጠረችው። ፊት ለፊት ጸሐፊዎቹ በአምስት ፒሲ ይሠራሉ፤ ከኋላ ሳላኒዬታ በማኪንቶሽ (በማክ) ኮምፒውተር ገጽ ታቀናጃለች። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ፍሎፒ ዲስክ ይዞ መመላለስ ሁሉንም አሰልችቷል።

ገመዱን ደህና አድርጎ መረጠ። አንድ ገመድ በሁሉም ላይ ማሳለፍ ይረክስ ነበር፤ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ግን ቤቱ በሙሉ ሥራ ይፈታል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የየራሱን ዘርግቶ ሁሉንም አንድ ማገናኛ ሣጥን ላይ ሰካቸው። ፋይል ማጋሪያው ፕሮግራም ላይ ግን ቸኮለ። ለማክ የሚስማማው ከኦክላንድ በመርከብ እስኪመጣ ሦስት ሳምንት ይፈጃል፤ ሌላው እዚያው ሱቫ ሱቅ ውስጥ አለ። የሱቁን ገዛ።

ሳላኒዬታ ስልሳ ሊሞላት ምንም አልቀራት። አባቷ ካዳቩ ደሴት ላይ ሰባኪ ነበር፤ እጅ ጽሑፉ ውብ ነበር። የእሱን ፊደል አንድ በአንድ፣ በምሳ ሰዓቷ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ማኩ ላይ ሥላ የመተየቢያ ፊደል አድርጋዋለች። የአባቷን ደብተሮች አውሎ ነፋስ ወስዷቸዋል፤ ያ የአባቷ እጅ የቀረው እዚያ ማሽን ውስጥ ብቻ ነው።

«አክስቴ፣ ፊደሎችዎ ወደ ጋራ መጠቀሚያው ዲስክ ተዛውረዋል። አሁን ማክዎን አጽድቼ አዲስ ሲስተም ልጫንበት» አላት አንድ ዓርብ።

«መጀመሪያ አንዱን ክፈተው እስቲ።»

«ስማቸው ተደርድሮ ይታያል እኮ!»

«የባሌም ስም የመዘምራን መዝገብ ላይ አለ፤ ሲዘምር የሰማው ግን የለም። ክፈት ብዬሃለሁ።»

ሳቀ። አልከፈተም፤ ማኩ ላይ ያለውንም ሁሉ አጠፋው።

ሰኞ ጠዋት ፋይሎቹ ሲከፈቱ ባዶ ሆነው ተገኙ። የማክ ፋይል ሁለት ክፍል አለው፤ ፊደሉ የሚቀመጠው በሁለተኛው ነው፤ የሱቁ ፕሮግራም ደግሞ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የሚሸከመው። አንዲቷን ቢከፍት ኖሮ በደቂቃ ያውቀው ነበር። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመው እንኳ አልተረፈለትም። ሳላኒዬታ መነጽሯን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ ቤቷ ሄደች።

ቅዳሜ አፓኩኪና አጎቱ ለይቅርታ ቤቷ ሄዱ። በአገሩ ልማድ እንዲህ ባለው ቀን አጥፊው ራሱ አይናገርም፤ ያንጎና የሚባለውን፣ ተወቅጦ የሚጠጣውን ሥር በጥቅል ይዞ የሚናገርለት አጎቱ ኢሌሳ ነው።

«ለመሆኑ ምን ተፈጠረ?» ብሎት ነበር አጎቱ መንገድ ላይ።

«ማሽኑ በላቸው» አለ አፓኩኪ።

ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ኢሌሳ ያንኑ ተናገረ። «ማሽን አእምሮ የለው፤ በላቸው። ልጃችን አጠገቡ ስለነበረ አፍሮ መጥቷል።»

አፓኩኪ አንገቱን ደፋ። ሳላኒዬታ ቀና ብላ አየችው። የሚናገር መስሏት ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሥሩን ለመቀበል እጇን አልዘረጋችም። እሱ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሣም። ያኔ ሥሩን ተቀበለችና ይቅርታውን መቀበሏን ለማሳየት፣ እንደ ልማዱ፣ እጆቿን ገጥማ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች።

«ነገሩ ተቀብሯል። ከእንግዲህ ማንም አያነሣውም። በሉ ብሉ፣ ዓሣው ቀዘቀዘ።»

አራት ዓመት ጎን ለጎን ሠሩ። ሳላኒዬታ አንድም ቀን ነገሩን አላነሣችም፤ እንዲያውም ቤቷ የተጋገረ ካሳቫ ታመጣለት ነበር።  ምነው በተቆጣኝ የሚለው ሰው ሲያበላው ምን ይውጠው?

ጡረታ ወጥታ ወደ ካዳቩ የምትሄድ ዕለት ሻንጣዋን ተሸክሞ ወደቡ ድረስ ሸኛት።

«አክስቴ፣ ያ የፊደሎቹ ጉዳይ... እኔ እኮ...»

«ዝም በል! የተቀበረ ይቆፈራል እንዴ? ነውር አታውቅም አንተ?»

«ግን እኮ ማሽኑ አልነበረም...»

«ኢሌሳ ተናገረ፣ እኔም ተቀበልኩ፤ አለቀ። የአጎትህን አፍ ልታዋርድ ነው?» ጉንጩን ስማው ሻንጣዋን ከእጁ ወሰደች።

መርከቡ ሲርቅ አፓኩኪ እዚያው ቆሞ ቀረ። ያን ቅዳሜ ምንጣፉ ላይ ይቅር የተባለው ማሽኑ ነው። እሱ ገና ይቅርታ አልጠየቀም፤ ከእንግዲህም መጠየቅ አይችልም።