ጋሽ ፋይልና ሁለቱ ገመዶች

ጋሽ ፋይል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የገባ ደብዳቤ ሲመዘግቡ፣ የወጣውን ሲሸኙ ከመኖራቸው የተነሳ «እንደምን አደሩ» ላላቸው ሰው እንኳ ቁጥር ሳይሰጡ አይመልሱም እየተባለ ይታማሉ። ሚስታቸው የተቀበሩ ዕለት ለቀስተኛው ሁሉ ሲነፋረቅ እሳቸው የሞት ምስክር ወረቀቱን በሁለት ኮፒ አድርገው፣ አንዱን በሰማያዊ ማኅደር፣ ሌላውን በኮት ኪስ ይዘው ቆመው ነበር። እንባው ይመጣል ብለው ጠበቁ። ዓመት ሊሞላው ነው፤ አልመጣም። ፊታቸውም ከዚያን ቀን ወዲህ ፈቃድ እንደወጣ ሠራተኛ ነው፤ ወንበሩ አለ፣ ሰውየው የለም።

መሥሪያ ቤቱ ሕንፃውን ለእድሳት ሲለቅ ሠራተኛው ከየቤቱ እንዲሠራ ታዘዘ። ጠዋት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በላፕቶፕ ስብሰባ አለ። የጋሽ ፋይል ላፕቶፕ ደግሞ ሲነሳ እንደ ወፍጮ የሚያጓራ፣ ሲሞቅ ሸሚዝ የሚተኩስ፣ ሌባ ቢሰርቀው ከበሩ ሳይደርስ አውርዶ ይቅርታ የሚጠይቅበት ዓይነት ነው። ዋይፋዩማ አለ ለማለት ያህል ነው። ስብሰባው በተጀመረ በሁለተኛው ደቂቃ የጋሽ ፋይል ምስል ይደርቅና እስከ መጨረሻው እንደ ጉርድ ፎቶግራፍ ይቀመጣል።

አንድ ሰኞ ኃላፊዋ አርባ ደቂቃ ተናግራ ስትጨርስ፣ «ከሁላችሁም በጥሞና ያዳመጡኝ ጋሽ ፋይል ናቸው፤ ዓይናቸውን እንኳ አልነቀሉም!» ብላ አስጨበጨበችላቸው። ጋሽ ፋይል በዚያ ሰዓት መስመሩ ተቋርጦባቸው ኩሽና ቆመው ድንች ይልጡ ነበር። እውነቱ ሲታወቅ ጭብጨባው ቀረና ደብዳቤ መጣ፤ በስብሰባ ላይ ሦስት ጊዜ ደርቆ የተገኘ ሠራተኛ ያለ ጊዜው ጡረታ ይወጣል። ደብዳቤው በደረሰ ማግስት፣ ሐሙስና ዓርብ፣ ጋሽ ፋይል ሁለቱን ጨረሱ።

የፈሩት ጡረታውን አይደለም። ልጃቸው ማለዳ ወደ ስፌት ቤቷ ከወጣች በኋላ በዚያ ቤት የሰው ድምፅ የሚሰማው ከዚያች ስብሰባ ብቻ ነው። «ድምፄ ይሰማል?» የሚለውም ቢሆን ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ይሄን ሙዚየም ቢያየው አይለቅዎትም» አለ የኮምፒውተር ጠጋኙ፣ ላፕቶፑን በሁለት እጁ አገላብጦ። «ውስጡ ያለው የዋይፋይ ካርድ ነው ያረጀው። አዲስ ልቀይርልዎ?»

«ካርዱን ስጠኝ፣ ራሴ እቀይረዋለሁ። ንብረት የሚፈታው በመዝገብ ነው።»

«በካቻቢቴ ነው እንጂ በመዝገብማ አይፈታም!»

ጋሽ ፋይል ግን በሁለቱም ፈቱት። እሑድ ከሰዓት በኋላ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ወረቀት ዘርግተው ባትሪውን አወጡ፤ አሥራ አንዱንም ብሎን በተራ «ገቢ ቁጥር አንድ፣ ከግራ ማዕዘን» እያሉ መዘገቡ። ካርዷ ቴምብር ታክላለች። አናቷ ላይ ሁለት ቀጫጭን ገመዶች ተሰክተዋል፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ነቀሏቸው። አሮጌዋን አውጥተው አዲሷን አስገቡ። ገመዶቹን ግን አንድ ላይ ጠቅልለው ጥግ ላይ በፕላስተር አሸጉና «ተዘግቷል» ብለው ጻፉበት። የማኅደር ሕጉ ይኸው ነው፤ ዋናው ሲዘጋ አባሪው አብሮ ይዘጋል።

ልጃቸው አመሻሽ ላይ ስትመለስ ላፕቶፑ ምንም ኔትወርክ አያይም። ኮሪደር ወስደው ጫማ መደርደሪያው ላይ ካለው ራውተር ጋር ጉንጭ ለጉንጭ ሲያገናኙት ብቻ አንዲት ሰረዝ ብቅ ትላለች።

«አባዬ፣ ነገ ጫማ መደርደሪያው ላይ ወጥተህ ልትሰበሰብ ነው?» አለችና ጠጋኙ ዘንድ ደወለች።

«ሁለቱን ገመዶች የት አደረጓቸው?» አለ ጠጋኙ።

«ዘግቻቸዋለሁ» አሉ ጋሽ ፋይል። «የአሮጌው አባሪ ናቸው። ዋናው ከሄደ እነሱ ምን ይሠራሉ?»

ጠጋኙ ሳቁን ሲውጥ በስልኩ ተሰማ። «ጋሼ፣ እነሱኮ የካርዱ አይደሉም። የቤቱ አንቴናዎች ናቸው፤ በስክሪኑ ዙሪያ የሚዞሩት። ካርድ ይሄዳል፣ እነሱ ይቀራሉ። ለአዲሱ ይስጧቸው።»

ጋሽ ፋይል ላፕቶፑን ይዘው ወደ ጠረጴዛው ተመለሱ። አጥፍተው እንደገና ፈቱት፤ ፕላስተሩን ቀስ ብለው ላጡ። ገመዶቹን የሰካቻቸው ልጅቷ ናት። «ይሄማ ያው የልብስ ቁልፍ ነው» ብላ በጥፍሯ ጫን፣ ጫን አደረገቻቸው። ሁለት ጊዜ ቀጭ አለ።

በማግስቱ ሰረዞቹ ሞልተው ነበር። ኃላፊዋ አሥር ደቂቃ ያህል ተናግራ ድንገት ቆመች።

«አይ! ጋሽ ፋይል ዛሬም ደረቁ። እንግዲህ ሦስተኛቸው ነው፤ ይመዝገብ።»

ጋሽ ፋይል አንድም ቃል ሳያመልጣቸው ሰሙ። አለሁ ሊሉ ፈለጉ፤ ፊታቸው አልታዘዝ አለ። እጃቸውም ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ የሰው ዕቃ ነበር።

«አባዬ! ኧረ ተንቀሳቀስ!» ስብሰባውን ሳላይ አልወጣም ብላ የዘገየችው ልጅቷ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች እየሮጠች ስክሪኑ ውስጥ ገባችና የሸሚዛቸውን ኮሌታ ጎተተች።

«እንዴ! ጋሽ ፋይል፣ አሉ እንዴ?» አለች ኃላፊዋ።

ቀኝ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሱ። «አለሁ። ካርዱ አዲስ ነው። የደረቅሁት እኔ ነኝ።»

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ በሳቅ ፈነዳ። ሳቁ ሳይቆራረጥ፣ አንዲት ሳትጎድል ደረሳቸው። ሦስተኛውም ተሰረዘ።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ፋይል በስብሰባ ላይ በየአምስት ደቂቃው እጃቸውን ያነሳሉ። ከዚያም አጎንብሰው ይጽፋሉ፦ «ወጪ፣ ቀኝ እጅ፣ ሦስት ሰዓት ከአምስት።»