ዝናቡን የበለጠው ድምፅ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ አምፕሊፋየሬ ላይ እንቁላል መጥበስ ይቻል ነበር።

እናቴ የሟቹን አባቴን ድምፅ መስማት አማራት። ሰርጌ ላይ ሲመርቀኝ የተቀዳ ካሴት አለን። ግን ጆሮዋ ደክሟል። የከተማችን የሚዛን ዝናብ ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንኳን ካሴት፣ የጎረቤት ጠብም አያሰማ (ይሄ ነው የሚያናድደኝ)።

በራሴ የተማርኩት ኢንጂነር ተነሳሁ። ጉልበቱ እንዲበረታ የአምፕሊፋየሩን የግራና የቀኝ ድምፅ መውጫ ብሪጅ አድርጌ ወደ አንድ አዋሃድኩና ሁለቱንም ስፒከሮች ደርቤ አሰርኩበት።

አባቴ ገና አፉን ሲከፍት ድምፁ ጠፋ። የመቃጠል ሽታ መጣ።

"አቃጠልከው?" አለች እናቴ። ፊቷን ማየት አቃተኝ።

አማን ከተማ ቴፕና ሬዲዮ የምትጠግነው የእህቴ ልጅ ሰላም ልትጠይቀን መጥታ ነበር፤ ሮጣ ሶኬቱን ነቀለች። "ጋሼ፣ ብሪጅ ከሆነ የሚችለው አንድ ስፒከር ብቻ ነው። ሁለት ጭነህበት ልትገድለው ነበር።"

"ሁለት ከአንድ አይበልጥም? ምንድን ነው ያስተማሩሽ?"

"አንተንስ ማን አስተማረህ?"

ፒንሳውን አቀበልኳት። በስንት ዓመቴ ረዳት ሆንኩ!

እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ሰላም አንዱን ስፒከር ፈታችና ካሴቱን ከፈተችው። አባቴ ከዝናቡ በላይ "ውለዱ፣ ክበዱ!" አለ።

እናቴ ደንግጣ ብድግ አለች። ከዚያ እየሳቀች ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። "ድሮም ሲመርቅ የተቆጣ ነው የሚመስለው" አለች። "በሉ ድገሙልኝ።"

ሰላምዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እናንተስ ለቤተሰብ ብላችሁ ምን ልታቃጥሉ ነበር? ማንስ ደረሰላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ፣ በእኔ ብቻ እንዳይሳቅ።