የአባ ተማም ጥቁር ውሃ

ማክሰኞ ንጋት፣ ጅማ

ሱብሂ ሰግጄ፣ የስፌት መኪናዬን ከድኜ አውቶቡስ ተራ ስደርስ ገና በደንብ አልነጋም። የያዝኩት ጥላ ውስጥ ያደረቅሁትን አንድ ጆንያ ኮሰረት ነው። አጋሮ ያለችው እህቴ ዘይነባ ልጇን ልትድር ነው፤ ለድግሱ ያጠራቀመችው ቅቤ ሳይከረፋ መቆየት አለበት። በታላቋ ልጇ ሠርግ ቅቤው ከርፍቶ የሙሽራው ዘመዶች ገበታውን ገፍተው ተነስተዋል። ዘንድሮም ከተደገመ ዘይነባ ሰው ፊት አትቆምም።

አውቶቡሱ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ጎልማሳ ቅጠል ሊለቅም ከአዲስ አበባ የመጣ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ነው። ኮሰረቱን አሸተተና ቅባት እንዳይበላሽ የሚከላከል ነገር እንዳለው፣ የሚገኘው ግን እንደ አወጣጡ መሆኑን ነገረኝ። አንዱ በውሃ ይወጣል፣ አንዱ በአልኮል፣ አንዱ በቅባት፤ እሳት ከበዛበት ደግሞ ይሞታል። እሱ በአልኮል ነው የሚዘፈዝፈው። ዘፍዝፎም አይጠጣውም፤ ለመሥሪያ ቤቱ ያስረክበዋል።

ኬላ

ጠባቂው ቡና ደብቀዋል ብሎ ጆንያዬን በሽቦ ወጋው። ቡና ሲያጣ ተናደደ።

«አባባ፣ ለቅጠል ብለው ነው የተሳፈሩት?»

ጆንያ ሲወጋ የሚውል ሰው ነው የእኔን ድካም የሚታዘበው።

አጋሮ፣ ከቀትር በኋላ

ቀይ አቧራ፣ በየደጁ የተሰጣ ቡና። የላቦራቶሪው እንግዳ ማደሪያ ስላልነበረው እህቴ ቤት ይዤው ሄድሁ። የእህቴ ባል አባ ተማም የቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነ ወዲህ የማያውቀው ነገር የለም። የራሱን ኮሰረት ጣራ ላይ ፀሐይ አስመትቶ፣ ከትናንት ጀምሮ በበርሜል ውሃ ሲያንተከትከው አድሯል። ሬንጅ መስሏል። ያንን ቅቤው ላይ ሊደፋ ነው።

«ሶዳ» አለኝ፣ በኦሮምኛ አማችነታችንን እያስታወሰ፣ «ያልጠቆረ ነገር ምን ጉልበት አለው?»

እንግዳው ሊያስረዳው ቢሞክር፣ አንተ ቅቤ የምታውቀው ዳቦ ላይ ነው አለው። በመጨረሻ በሦስት ስኒ ቅቤ እንዲፈተን ተስማሙ፤ በአንዱ ጥቁሩ ውሃ፣ በአንዱ እንግዳው በአልኮል ያወጣው፣ በአንዱ የእኔ ቅጠል በለስላሳ እሳት ከቅቤው ጋር ተነጥሮ የተጠለለ። ዘይነባ አልኮል ስትሰማ አስተግፊሩላህ አለች። እንግዳው ተንኖ ያልቃል አላት።

«የሚተነውም ከእኔ ቤት አይተንም፣ ልጄ» አለችው።

የእሱ ስኒ ከአጥር ውጭ፣ ሌሎቹ ግቢ ውስጥ ፀሐይ ላይ ሰነበቱ።

ቀጣዩ ማክሰኞ

እንግዳው ቅጠል ለቀማ ከሄደበት ከጌራ ተመለሰ። ዘይነባ ሦስቱንም አሸተተች። የአልኮሉ ከሁሉም ንጹሕ ነው፤ የሚበላው ግን የለም። የእኔ ቅጠል ያለበት ደህና ነው። የአባ ተማም ክዳኑ ሳይነሳ ይሸታል፤ ላዩም ሻግቷል። እሱ ግን «በሰለ እንጂ አልከረፋም» ብሎ ዳቦ አስመጣ፤ ቀባ፣ ጎረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ዋጠው።

«ይጣፍጣል» አለ።

ዘይነባ የቀረውን እንዳለ ዳቦው ላይ ገለበጠችለትና ጆንያዬን ይዛ ወደ ትልቁ ድስት ሄደች። ጎንበስ ብላ እሳቱን ስትቀንስ እሱ ገና እያኘከ ነበር። እኔም የጅማው አውቶቡስ ሳያመልጠኝ ወጣሁ።