ዘጠነኛው መብራት

እማማ ጌጥነሽ ከሀገር ቤት ርቀው የሚኖሩት ሮቫ ጊሜል በሚባል ሰፈር፣ አሳንሰር የሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ፋብሪካዎቹ ሰፈር ይወርዳሉ። እዚያ ኤቪያታር የሚባል ዲዛይነር የመብራት ስቱዲዮ አለው። እሱ ይነድፋል፤ እሳቸው ጭቃውን በእጃቸው ያቆማሉ።

አንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ለራሳቸው እንስራ ሠሩ። እናታቸው ጎንደር ይሠሩት የነበረውን ዓይነት፣ ሆዱ ሰፊ፣ አንገቱ ወደ ጎን ዘመም ያለ። አንገቱ ለምን እንደሚዘም እናታቸውን ጠይቀው አያውቁም። ኤቪያታር እንስራውን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ ሆዱን እንደ ወንፊት በስቶ አምፖል ከተተበት። ግድግዳው በብርሃን ነጠብጣብ ተሞላ።

«ስምንት ብቻ እንሠራለን፤ ከዚያ በቃ» አለ።

ስምንቱ ተሠርተው ጋለሪ ገቡ። በምረቃው ዕለት አንድ ገዢ የወይን ብርጭቆውን እንደያዘ፣ «ሴትዮዋ ቤቷ ገብታ ሌላ ብትሠራስ?» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ኤቪያታር ዞር ብሎ፣ «ጌጥነሽ፣ ከእንግዲህ ይህን አትሠሪም፣ አይደል?» አላቸው።

«እሺ» አሉ። ጋባዥን በእንግዶቹ ፊት እምቢ ማለት ነውር ነው። ሰው ፊት የወጣ ቃል ደግሞ ቃል ነው።

የልጅ ልጃቸው አልማ የውትድርና አገልግሎቷን ጨርሳ ስትመለስ፣ ከቤተሰቡ ሙያውን ልማር ያለች የመጀመሪያዋ እሷ ሆነች። «ሳቭታ፣ ያንን መብራት አስተምሪኝ» አለቻቸው፤ አያቷን የምትጠራው እንደ እኩዮቿ በዕብራይስጥ ነው። በሀገር ቤት ሸክላ ሠሪ ስድብ ስለነበር የእማማ ጌጥነሽ ሴት ልጆች ጭቃ ነክተው አያውቁም። የእሳቸው ጣቶች ደግሞ መድረቅ ጀምረዋል። አልማ ካልያዘችው የእናታቸው እንስራ ከእሳቸው ጋር ያልቃል።

ኤቪያታር ዘንድ ሄዱ።

«ለልጅ ልጄ ላሳያት ነው። አንድ ብቻ። ከቤት አይወጣም።»

«ጌጥነሽ፣ ዘጠነኛ ካለ ስምንቱ ሞቱ። ሰዎቹ የገዙት መብራቱን ብቻ አይደለም፤ ሌላ አለመኖሩን ጭምር ነው።»

«እናቴስ ስንት ሠርታለች?»

«እናትሽ መብራት አልሠራችም» አለ በለሰለሰ ድምፅ። ክፉ ሰው አልነበረም። ሻይ አፍልቶ ሰጣቸው።

አልማ ስትሰማ ሳቀች። «ማን ያያል? ፖሊስ መጥቶ ጭቃሽን ሊያስር ነው?»

«እሺ ብያለሁ።»

«አንቺ ለማን እሺ ሳትዪ ቀርተሽ ታውቂያለሽ? ለአውቶቡስ ሹፌሩም እሺ ትያለሽ!»

«ለሹፌሩ ያልኩትንም አላጠፍኩም።»

ሌላ ቅርጽ ሊያስተምሯት ተስማሙ፤ አንገቱ ቀጥ ያለ። የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላስቲክ አነጠፉ። አልማ ጭቃውን ስታሽ፣ እሳቸው እያድቦለቦሉ ሆዱን ከፍ አደረጉ። አንገቱ ጋ ሲደርሱ እጃቸው በራሱ አዘነበለው። በመዳፋቸው ደፈጠጡት። እንደገና ጀመሩ፤ እንደገና ዘመመ።

«ተዪው እንደዚያው ይሁን፣ ሳቭታ። ያምራል።»

«አይሆንም።»

በመጨረሻ በግራ እጃቸው የቀኝ አንጓቸውን ጨምድደው ይዘው አንዱን ቀጥ አድርገው ጨረሱት። አልማ አየችው። ስልኳን አውጥታ መልእክቶቿን ማየት ጀመረች።

ከዚያ በኋላ መምጣቷ ሳሳ። የገበያ ማዕከል ውስጥ ሽቶ መሸጥ ጀመረች፤ ጥቂት ስታጠራቅም ከጓደኞቿ ጋር ወደ ደቡብ አሜሪካ ለመሄድ ተነሣች። ልትሰናበት መጥታ በር ላይ አቀፈቻቸው።

«ስመለስ ቀጥ ያለውን ታሳዪኛለሽ» አለች፤ ልታስደስታቸው ፈልጋ።

ጉንጯን ሳሙ። ቀጥ ያለውን ማንም ሊያሳያት እንደሚችል አልነገሯትም። ደረጃውን እየሮጠች ስትወርድ ከላይ ቆመው ሰሙ፤ የታችኛው በር ሲዘጋ ወደ ውስጥ ገቡ።